ውሳኔ የራቃቸው ከተሞች

ከቶሮንቶ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሚልተን በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ባቡር አላት። የጎ ትራንዚት ባቡር ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ሰዉን ከጣቢያው እያፈሰ ወደ ቶሮንቶው ዩኒየን ጣቢያ ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ያንኑ ሰው መልሶ ያደርሳል። ጠዋት ከቶሮንቶ ተነሥቶ ወደ ሚልተን የሚሄድ ባቡር ግን የለም። ማታም ከሚልተን ወደ ቶሮንቶ የሚሄድ የለም። በቀረው ሰዓትና ቅዳሜና እሑድ ያለው አውቶቡስ ነው። ሐዲዱ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ተጨማሪ ጉዞ ማስገባት አስቸጋሪ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ሆኖም የጊዜ ሰሌዳውን አስተውሎ ላነበበው ሰው ከሐዲዱ ችግር በላይ የሚታይ ነገር አለ። መስመሩ የተዘረጋው ከሚልተን ሰው እንዲወጣ ነው። ወደ ሚልተን ለሥራ የሚመጣ ሰው ይኖራል ተብሎ አልታሰበም።

በሕዝብ ቆጠራ ዓይን ሚልተን የወደቀች ከተማ አይደለችም። በ2001 (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) 31,471 ሕዝብ ነበራት፤ በ2021 ደግሞ 132,979። በሃያ ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ አድጋለች። ቤቱ አዲስ፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ፣ መንገዱ አዲስ ነው። ይህን እያዩ ውድቀት የሚል ቃል ማንሣት ግራ ያጋባል፤ ውድቀት ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የተዘጋ ፋብሪካ፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ ቤት፣ ሣር የዋጠው ሐዲድ ነውና። የእኔ ክርክር ግን ይህ ነው፦ አንድ አካባቢ መውደቅ የሚጀምረው ስለ እሱ የሚወስኑት ሰዎች ሌላ ቦታ መዋል ሲጀምሩ ነው። ባዶው ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም፤ ቤቱ ሁሉ ሞልቶ እያለም አካባቢው ሊወድቅ ይችላል።

ኦንታሪዮ በስፋቷ ከኢትዮጵያ ብዙም የማታንስ የካናዳ ክፍለ ሀገር ናት። በ2021 ከነበሯት 14.2 ሚሊዮን ሰዎች 6.2 ሚሊዮኑ የሚኖሩት በቶሮንቶና ከእሷ ጋር በተያያዙት ከተሞች ነበር። ከመቶ አርባ አራት እጅ ማለት ነው። ይህ ከጥንት የተቆረጠ ዕጣ አልነበረም። በ1793 ገዢው ጆን ግሬቭስ ሲምኮ ዮርክ ብሎ የመሠረታት ሰፈር ለጊዜው የታሰበች ነበረች፤ እሱ ዋና ከተማ ሊያደርግ የፈለገው በስተ ምዕራብ ዛሬ ለንደን የምትባለው ከተማ ያለችበትን ቦታ ነበር። በ1834 ቶሮንቶ ተብላ ከተማ ከሆነች በኋላም ሃሚልተን በቅርብ ርቀት ትገዳደራት ነበር። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ዋና ጽሕፈት ቤቱን ሃሚልተን አድርጎ በ1850ዎቹ አጋማሽ ከናያጋራ እስከ ዊንዘር ሐዲድ ዘረጋ። ቶሮንቶም በ1855 ወደ ሰሜን እስከ ኮሊንግውድ ወደብ የሚያደርስ መስመር አገኘች፤ በዓመቱ ደግሞ ግራንድ ትረንክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ከሞንትሪያል ጋር አገናኛት። በ1882 ግራንድ ትረንክ ግሬት ዌስተርንን ጠቀለለው። ሃሚልተን በ1872 የተቋቋመ የራሷ ባንክ ነበራት፤ እሱም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶሮንቶ ከሆነው ከካናዲያን ባንክ ኦፍ ኮመርስ ጋር ተዋሐደ።

ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባንኩ ሲሄድ ሃሚልተን ከውጭ ለሚያያት ገና በጉልምስናዋ ላይ ነበረች። የብረት ፋብሪካዎቿ ስቴልኮና ዶፋስኮ የተቋቋሙት በ1910 እና በ1912 ነው፤ ምድጃዎቻቸው ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ነድደዋል። ነገር ግን አንድ የሃሚልተን ነጋዴ ትልቅ ብድር ሲፈልግ የመጨረሻውን ቃል የሚጠብቀው ከዚያ ወዲህ ከቶሮንቶ ሆነ። ስቴልኮ በ2007 ለአሜሪካው ዩኤስ ስቲል ተሸጦ፣ በ2013 ደግሞ የሃሚልተኑ ፋብሪካው ብረት ማቅለጥ ለዘለቄታው እንደሚያቆም ሲነገር ሁሉም ሰው “ሃሚልተን ወደቀች” አለ። ውሳኔ ከከተማዋ መውጣት የጀመረው ግን ከዘጠና ዓመት በፊት ነበር።

ቶሮንቶ የገጠሩን ገበያ የወሰደችበት መንገድ ይበልጥ ያስተምራል። ቲሞቲ ኢተን በ1869 በያንግ ጎዳና ላይ ሱቅ ከፈተ፤ ዋጋው የተቆረጠ፣ ክፍያው እጅ በእጅ ነበር። በ1884 የመጀመሪያውን የዕቃ ካታሎግ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በየገጠሩ ያለ ገበሬ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ከካልሲ እስከ እርሻ መሣሪያ መምረጥ፣ ገንዘቡን በፖስታ መላክ፣ ዕቃውን ከባቡር ጣቢያ መረከብ ቻለ። ለገበሬው ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ አንድ ነጋዴ ብቻ በጠራው ዋጋ ተይዞ ከመኖር አወጣው። ለመንደሩ ባለሱቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለሱቁ አዝመራ እስኪገባ በዱቤ የሚሸጥ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለትምህርት ቤቱ የሚያዋጣ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ቶሮንቶ ላከው፤ ሲያጣ ወደ ባለሱቁ መጣ። ለባለሱቁ ዱቤው ብቻ ቀረለት ማለት ነው፣ ዱቤ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ አይቆምም። ሱቁ ሲዘጋ የተዘጋው የመንደሩ አነስተኛ ባንክና የምክር ቤቱ አንድ ወንበር ጭምር ነው። የኢተን ካታሎግ በ1976 ቆመ፤ ኩባንያው ራሱ በ1999 ከሠረ። የመንደሩ ሱቅ ግን አልተመለሰም።

እንደ ኮባልት ነገሩን አፍጥጦ የሚያሳይ ቦታ ግን የለም። ኮባልት ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1903 የክፍለ ሀገሩን የሰሜን ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች እዚያ ብር አገኙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕዝብ ጎረፈ፤ ባንክ ተከፈተ፣ እስከ ጎረቤቷ ሄይልበሪ ድረስ ትራም ተዘረጋ፣ ከሞንትሪያል ቡድኖች ጋር የሚገጥም የሆኪ ቡድን ተቋቋመ። በ1911 ከአካባቢው የወጣው ብር ከ30 ሚሊዮን አውንስ ይበልጣል። አክሲዮኑ ግን ቶሮንቶ ላይ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ኮባልት አንድ ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባታል። በመሀል ከተማው አንድ አሮጌ የሱቅ ሕንፃ አለ፤ ከጣሪያው ላይ የማዕድን ጉድጓድ ማማ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ሱቁ የተሠራው በጉድጓዱ አፍ ላይ ስለሆነ ነው። በዙሪያዋ ባሉት ሐይቆች ዝቃጭ ውስጥ አርሴኒክ አለ። ብሩ ከድንጋዩ ሲለይ የቀረው መርዝ ነው። ብሩ ሄደ፣ ትርፉም ሄደ፤ መርዙ እዚያው አለ።

ቶሮንቶ ከኮባልት ያገኘችው ትልቁ ሀብት ብሩ ራሱ አይመስለኝም። የማዕድን ኩባንያ እንዴት እንደሚቋቋም፣ አክሲዮኑ እንዴት እንደሚሸጥ፣ የጂኦሎጂ ሪፖርት እንዴት እንደሚመዘን የሚያውቁ ጠበቆችን፣ ደላሎችንና የባንክ ሰዎችን ነው ያተረፈችው። ጉድጓዱ ሲነጥፍ ማዕድን ቆፋሪው ሥራ አጣ፤ ደላላው ግን ወደ ሌላ ጉድጓድ ዞረ። ዛሬ በዓለም ላይ በአክሲዮን ገበያ ከተመዘገቡት የማዕድን ኩባንያዎች አርባ በመቶ ያህሉ የሚገኙት በቶሮንቶ ገበያና በእህቱ በቬንቸር ገበያ ነው። ነገሩ ከእኛም አገር ይደርሳል። በአፋር በዳናክል ፖታሽ ይፈልግ የነበረው አላና ፖታሽ መቀመጫው ቶሮንቶ ነበር፤ በ2015 ለእስራኤሉ አይሲኤል ተሸጠ፤ አይሲኤልም በዓመቱ በግብር ክርክር ሳቢያ ትቶት ወጣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኩርሙክን ወርቅ የያዘው አላይድ ጎልድ በ2023 በቶሮንቶ ገበያ ተመዘገበ። ለኩርሙክ ሰው አሶሳ ሩቅ ናት፣ አዲስ አበባም ከዚያ ይልቅ ትርቃለች፤ በእግሩ ሥር ባለው ወርቅ ስም አክሲዮን የተሸጠበት የቶሮንቶ የገንዘብ ሰፈር ቤይ ጎዳና ግን በካርታውም ላይ የለም።

በካናዳ ይህን ጉዳይ ጠንቅቆ ከጻፉት አንዱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር የነበረው ጄ. ኤም. ኤስ. ኬርለስ ነው። የካናዳ ታሪክ የሚገባን ድንበር እየጣሰ በገፋው ሰፋሪ ሳይሆን ሰፋሪውን ከኋላ ሆነው ገንዘብ፣ ገበያና መጓጓዣ በሚሰጡት ትልልቅ ከተሞች በኩል ነው ብሎ በ1954 ተከራከረ። በ1968 ከኒው ዮርክ መጥታ በ2006 እስክታርፍ ድረስ ቶሮንቶ የኖረችው ጄን ጃኮብስ ደግሞ በ1984 ባወጣችው መጽሐፍ ከተማ ከክልሉ ውጭ የሚልካቸውን አምስት ኃይሎች ለየች፦ ገበያ፣ ሥራ፣ ቴክኖሎጂ፣ ከከተማ ተነቅሎ የሚሄድ ፋብሪካና ካፒታል። ከከተማው ጎን ያለ አካባቢ አምስቱንም ባንድነት ስለሚያገኝ መልኩ ይለወጣል፤ ሩቅ ያለው ግን አንዱን ወይም ሁለቱን ነጥሎ ያገኛል፤ ያም ያዛባዋል። ኮባልት ገበያና ካፒታል መጣላት፣ ሌላው አልመጣላትም። ይህ የጃኮብስ ክፍፍል ብዙ ነገር ያስረዳል። እኔ ግን አንድ የሚቀረው ይመስለኛል፤ አምስቱንም ያገኘ ቅርብ ቦታ፣ ሚልተንን የመሰለ፣ ራሱን ማስተዳደር ለምን እንዳቃተው አይነግረንም።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። የኦንታሪዮዋ ለንደን በ1864 የተጀመረ የቁጠባና ብድር ተቋም ነበራት፤ ካናዳ ትረስት የሚባለው ነው። በ2000 የቶሮንቶው ቲዲ ባንክ ገዛው። ዋተርሉም የራሷ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበራት፤ ሙቹዋል ላይፍ። የዋተርሉ ነጋዴዎችና የኩባንያ ኃላፊዎች ግን በ1957 ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁሙ፣ ተማሪው አንድ ወቅት እየተማረ አንድ ወቅት በፋብሪካና በቢሮ እየሠራ እንዲመረቅ አደረጉ። በ1984 በዚያች ከተማ ብላክቤሪ የተባለውን ስልክ የሠራው ኩባንያ ተወለደ። ሙቹዋል ላይፍ በኋላ ስሙን ለውጦ በ2002 በሰን ላይፍ ተገዛ፤ ብላክቤሪም ከገበያው ወደቀ። ዋተርሉ ግን አልወደቀችም። ሌላ ኩባንያ የሚያቋቁሙ፣ ለሌላ ኩባንያ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች በከተማዋ ውስጥ ነበሩና። ሰን ላይፍ ራሱ የሞንትሪያል ኩባንያ ነበር፤ በ1978 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቶሮንቶ እንደሚያዛውር ሲያስታውቅ ሞንትሪያል በሕዝብ ብዛት የካናዳ አንደኛነቷን ለቶሮንቶ ካስረከበች ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ሞንትሪያልም ከዚህ አላመለጠችም።

የጋዜጦቹ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ጌልፍ ሜርኩሪ በጥር 2016 መታተም አቆመ፤ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ዕድሜ ነበረው። በኅዳር 2017 ዋና መሥሪያ ቤታቸው ቶሮንቶ የሆነ ሁለት የጋዜጣ ኩባንያዎች፣ ቶርስታርና ፖስትሚዲያ፣ ከአርባ በላይ ጋዜጦች ተለዋወጡና አብዛኞቹን ወዲያው ዘጉ። በ1864 የተመሠረተው ባሪ ኤግዛሚነርና በ1870 የተጀመረው የኦሪሊያው ፓኬት ኤንድ ታይምስ በአንድ ቀን ጠፉ። በመስከረም 2023 ሜትሮላንድ የተባለው የጋዜጣ ኩባንያ ከሰባ የሚበልጡ የየአካባቢ ሳምንታዊ ጋዜጦችን ማተም አቁሞ 605 ሠራተኞችን አሰናበተ። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ስለሄደ ጋዜጣ በየትም ቦታ ተቸግሯል፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን የባሪ ጋዜጣ ባለቤቱ ባሪ ቢኖር ኖሮ መዝጋት ግድ ቢሆንበት እንኳ ጎረቤቱን በዓይኑ እያየ ነበር የሚዘጋው። ጋዜጣ የሌለው ከተማ ስብሰባ አያጣም፤ የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት በየጊዜው ይቀመጣል፣ መሬት ይሸጣል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል። በስብሰባው ኋለኛ ወንበር ላይ ማስታወሻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም። ባሪ ያለ አንባቢ ስለ ቶሮንቶ ከንቲባ ከራሱ ከንቲባ ይልቅ ብዙ ሊያውቅ ይችላል።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም በዚሁ ቅርጽ ነው የተሠራው። ከሃሚልተን፣ ከባሪ፣ ከኪችነር ቤተሰብ ቅዳሜ ተነሥቶ ለእንጀራውና ለበርበሬው ወደ ዳንፎርዝ ጎዳና ይመጣል፤ ለክርስትናው፣ ለሠርጉ፣ ለሐዘኑም እንዲሁ። ማኅበሩ ቶሮንቶ ነው፣ ስብሰባውም እዚያው ነው። ሩቅ ያለው ሰው ያዋጣል እንጂ አይመረጥም።

ለቶሮንቶ መመስከርም ተገቢ ነው። በዙሪያዋ የደረሰው ጥፋት ሁሉ የእሷ አይደለም። በሌሚንግተን ከ1909 ጀምሮ የሠራው የሃይንዝ ፋብሪካ በ2014 የተዘጋው በቶሮንቶ ውሳኔ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በኅዳር 2018 የኦሻዋን ፋብሪካ እዘጋለሁ ሲል የወሰነው ዲትሮይት ነው፤ በ2021 እንደገና መኪና መገጣጠም ሲጀምርም የወሰነው ያው ዲትሮይት ነው። ኦሻዋ ሁለቱንም ጊዜ ዜናውን እንደ ማንም ሰው ሰማች። በቶሮንቶ የሚሰበሰበው ግብርም የሰሜኑን ሆስፒታልና መንገድ ይደጉማል። አንድ ስደተኛ ቋንቋ ሳይችል ሥራ፣ ሐኪምና የአገሩን ሰው በአንድ ሳምንት የሚያገኘው በትልቅ ከተማ ነው፤ እኛ የዚህ ምስክሮች ነን። ችግሩ የከተማው ትልቅነት ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር።

ደግሞስ ቶሮንቶ ራሷ መች የራሷ ሆነች? በ1997 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ቶሮንቶን፣ ኖርዝ ዮርክን፣ ስካርቦሮን፣ ኢቶቢኮን፣ ዮርክንና ኢስት ዮርክን አንድ ሊያደርግ ሲነሣ ነዋሪዎቹ በሕዝበ ውሳኔ ከመቶ ሰባ በሚበልጥ ድምፅ እንቢ አሉ፤ በ1998 መጀመሪያ ግን ተዋሐዱ። በ2018 የምርጫ ዘመቻው በተጀመረበት ጊዜ ኩዊንስ ፓርክ የሚባለው የክፍለ ሀገሩ ፓርላማ የቶሮንቶን ምክር ቤት ከ47 ወንበር ወደ 25 ቀነሰው፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሕጋዊ ነው አለ። ሰሜኑና ገጠሩ ቶሮንቶ ይገዛናል ይላል፤ ቶሮንቶም ገጠሩ የመረጠው መንግሥት ይገዛኛል ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። በከተማዋ ውስጥም ያው ነው። ዴቪድ ሃልቻንስኪ የተባለ ተመራማሪ የቶሮንቶን ሰፈሮች አጥንቶ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሰፈሮች በ1970 ከነበሩበት 66 በመቶ በ2005 ወደ 29 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። መሀሉ በለጸገ፤ ዳር ዳሩ፣ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ፎቅና መንደር፣ ደኸየ። ስካርቦሮን ከምድር ውስጥ ባቡር ጋር ያገናኝ የነበረው ቀላል ባቡር በሐምሌ 2023 ከሐዲዱ ከወጣ በኋላ አልተመለሰም፤ ሕዝቡ በአውቶቡስ ቀርቷል። ስካርቦሮ የራሷ ከንቲባ የነበራት ከተማ ነበረች።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀደሙት ነገሥታታችን ከተማ ተንቀሳቃሽ ነበረ፤ ሠራዊቱ የአካባቢውን እህልና ማገዶ ሲጨርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ሸክሙም ከአገር አገር ይዞራል። አዲስ አበባ በ1886 ተቆርቁራ ማገዶ ሲያጥራት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ጸናች። በ1917 ባቡሩ ከጅቡቲ ገባ። ሸክሙ ከዚያ ወዲህ አልዞረም። በ2007ቱ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ሲኖራት፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ድሬዳዋ የእሷን አንድ አሥረኛ አልሞላችም። ባለጉዳይ ከጎንደር ወይም ከሐረር ተነሥቶ አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ ደጅ ሲጠና የሚከርመው ፊርማው እዚያ ስለሆነ ነው።

ፊርማ ግን ሊዛወር ይችላል፤ ኦንታሪዮም በከፊል አድርጋዋለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንግሥት አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችን ከቶሮንቶ አወጣ። የሎተሪው ድርጅት ወደ ሶልት ሴንት ማሪ፣ የማዕድን ጉዳይ ወደ ሰድበሪ፣ የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ ዋና መምሪያ ወደ ኦሪሊያ፣ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴር ወደ ፒተርቦሮ ሄደ። በኦንታሪዮ የሚወለድ ልጅ ሁሉ የልደት ምዝገባው የሚካሄደው በተንደር ቤይ ነው፤ የእኛ ልጆች የልደት ወረቀት ከዚያ ይመጣል። ለእነዚህ ከተሞች ይህ ቋሚ ደመወዝና የተማረ ሰው አስገኝቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያሻገሩት በአብዛኛው የሥራውን ክንውን ነው፤ ሚኒስትሩ፣ በጀቱና የመጨረሻው ቃል ኩዊንስ ፓርክ ቀርተዋል። ተንደር ቤይ ወረቀቱን ትመዘግባለች እንጂ ስለ ሕጉ አትጠየቅም።

ያልተጠየቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት የፒከሪንግ ገበሬዎች ያውቁታል። በ1972 የፌዴራሉ መንግሥት ለቶሮንቶ ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እሠራለሁ ብሎ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 18,600 ኤከር ለም መሬት ወሰደ። በ1975 ዕቅዱ ተንጠለጠለ። መሬቱ ግን አልተመለሰም። ትውልድ ሲቆጥሩ የኖሩበት ገበሬዎች በገዛ እርሻቸው ላይ የመንግሥት ተከራይ ሆኑ፤ ውሉ አጭር ስለሆነ ዛፍ የሚተክል፣ ጎተራ የሚያድስ ጠፋ፤ ቤቶቹ እየፈረሱ መንደሮቹ ሳሱ። አውሮፕላን ማረፊያው እንደማይሠራ መንግሥት በይፋ የተናገረው በጥር 2025 ነው፤ ከ53 ዓመት በኋላ።

ቆሻሻውም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ቶሮንቶ በቮን ከተማ የነበረው ኪል ቫሊ የተባለ መጣያዋ በ2002 መጨረሻ ከመዘጋቱ በፊት ቀድማ ያሰበችው ሩቅ ሰሜን ከርክላንድ ሌክ አጠገብ ያለ አዳምስ የተባለ የተተወ የብረት ማዕድን ጉድጓድ ነበር፤ ከኮባልት ብዙ አይርቅም። የቲሚስካሚንግ ገበሬዎችና ነባር ሕዝቦች ተነሡ፤ በ2000 ስምምነቱ ፈረሰ፤ በ2004ም ክፍለ ሀገሩ በሕግ ከለከለው። ከተማዋ ቆሻሻዋን በከባድ መኪና እያስጫነች ወደ አሜሪካ ሚሺጋን ስትልክ ቆይታ እሱም በ2010 መጨረሻ ቆመ። በ2007 ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ በሳውዝዎልድ ወረዳ ግሪን ሌን የተባለውን መጣያ ገዛች፤ ከቶሮንቶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጎረቤቶቹ ኦናይዳ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ለአካባቢው ክፍያ ይፈጸማል። ሽታውን ግን ክፍያ አያቆመውም።

አዲስ አበባም በ2016 መጀመሪያ ቆሻሻዋን ከቆሼ ወደ ሰንዳፋ አዛወረች፤ የሰንዳፋ ገበሬዎች ከብታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት 2017 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጥ ሰው ቀበረ። ለዚህ ገበሬዎቹን የሚወቅስ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልወቅሳቸውም። ሳይጠየቁ የተጫነባቸውን መለሱ። መጀመሪያ ተጠይቀው፣ ተከራክረው፣ ውኃቸው እንዴት እንደሚጠበቅ በውል አስረው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አካባቢ ሊድን ይችል ነበር።

ግሪን ሌን በሚቀጥሉት ዓመታት ይሞላል፤ ቶሮንቶ ቀጣዩን ቦታ መፈለግ ይኖርባታል። በ2020 የኦንታሪዮ ፓርላማ ባወጣው ሕግ አዲስ ትልቅ መጣያ የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ የአስተናጋጁን ማዘጋጃ ቤት ስምምነት ማግኘት አለበት፤ ሳውዝዎልድ በ2007 ያልነበራት መብት ይህ ነው። በ2025 ግን ይኸው ፓርላማ በቻተም ኬንት ባለችው በድሬስደን ከተማ አጠገብ ያለ አሮጌ መጣያ እንዲስፋፋ ሲል በ2024 ራሱ መንግሥት ያዘዘውን ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በሌላ ሕግ ሰረዘው። የቻተም ኬንት ምክር ቤት ተቃውሞ ነበር። የድሬስደን ሰዎች ኩዊንስ ፓርክ ድረስ ሄደው ተናግረዋል። ድምፅ የተሰጠው ግን ቶሮንቶ ነው።